አገልጋዩ የት ያድራል?

በጥር 2025 የመጨረሻ ሳምንት፣ በአሜሪካ ስደተኞችን ተቀብለው የሚያቋቁሙ ድርጅቶች ሥራችሁን አቁሙ የሚል ትእዛዝ ከዋሽንግተን ደረሳቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በወቅቱ ከነበሩት አሥር አገር አቀፍ ድርጅቶች አንዱ በ1983 በኢትዮጵያውያን ስደተኞች ዙሪያ የተመሠረተው፣ ዋና ቢሮው በአርሊንግተን ቨርጂኒያ የሚገኘው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት ነው። አዲስ የገባ ቤተሰብ የመጀመሪያ ወራት የቤት ኪራይ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያስመዘግብለት ሠራተኛ፣ ሆስፒታል አብሮት የሚሄድ አስተርጓሚ፣ ይህ ሁሉ የተንጠለጠለው በመንግሥት ውል ላይ ነበር። ገንዘቡ ሲቋረጥ በየከተማው ብዙ ሠራተኛ ተሰናበተ።

ይህን ዓይነት ውድቀት ቺካጎ ቀድማ አይታዋለች። ድሆችንና ስደተኞችን ያገለግል የነበረው የሀል ሃውስ ማኅበር በጥር 2012 ሠራተኞቹን በጥቂት ቀናት ማስጠንቀቂያ በትኖ በሩን ዘጋ፤ ኪሳራም አወጀ። ከ120 ዓመት በላይ የኖረ፣ መሥራቿ የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘችበት ተቋም ነበር። አብዛኛው ገቢው ከመንግሥት ነበርና የመንግሥት ገንዘብ ሲቀንስና ሲዘገይ መተንፈሻ አጣ። የሚገርመው፣ ሀል ሃውስ ሲጀመር ከመንግሥት አንድ ሳንቲም አለመቀበሉ ነው። በሁለቱ መካከል ምን ተለወጠ? ለዚህ ወደ መጀመሪያው መመለስ ያስፈልጋል።

ሀል ሃውስ ሴትልመንት ከሚባሉት ቤቶች አንዱ ነበር፤ የቤቶቹ ሐሳብ ቀላል ነው። የተማሩ፣ ኑሮ የደላቸው ወጣቶች ድሀ ሰፈር ውስጥ ገብተው ይኖራሉ፤ ቤታቸውንም ለጎረቤቱ ክፍት ያደርጋሉ። ምጽዋት ሰጥቶ መመለስ የለም፤ እዚያው ማደር ነው። የመጀመሪያው ቤት በ1884 በምሥራቅ ለንደን፣ በዋይትቻፔል የተከፈተው ቶይንቢ ሆል ነው። ቄስ ሳሙኤል ባርኔትና ባለቤታቸው ሄንሪየታ ባርኔት በዚያ ሰፈር ደብር ሲያገለግሉ ኖረዋል፤ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ሄደው ተማሪዎችን፣ ኑና አብራችሁን ኑሩ እያሉ ይሰብኩ ነበር። ከመጡት መካከል ዊልያም ቤቨሪጅ ይገኝበታል፤ በ1942 የእንግሊዝን የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት የነደፈውን ሪፖርት የጻፈው እሱ ነው። በ1910 ገደማ ደግሞ ክሌመንት አትሊ የቤቱ ፀሐፊ ነበር፤ ከ1945 ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ያንኑ ሪፖርት ሕግ ያደረገው መንግሥት መሪ እሱ ነው። እነዚህ ሰዎች ለዋይትቻፔል ያደረጉት ነገር ብዙም አልነበረም ቢባል አልከራከርም። ዋይትቻፔል ለእነሱ ያደረገችላቸው ግን ቀላል አይደለም።

በ1888 ጄን አዳምስ የምትባል የ27 ዓመት አሜሪካዊት ቶይንቢ ሆልን ጎብኝታ ወደ አገሯ ተመለሰች። በመስከረም 1889 ከጓደኛዋ ከኤለን ጌትስ ስታር ጋር በቺካጎ ሃልስቴድ ጎዳና ላይ አንድ አሮጌ ቪላ ቤት ገባች። ቤቱ በ1856 ቻርልስ ሀል የተባለ ባለጸጋ ያሠራው ሲሆን፣ እነሱ ሲገቡ በአንድ በኩል መጠጥ ቤት፣ በሌላ በኩል የቀብር አስፈጻሚ ሱቅ ነበረው። ዙሪያውን ጣሊያኖች፣ የሩሲያና የፖላንድ አይሁዶች፣ ግሪኮች፣ ቦሄሚያውያን፣ አይሪሾች ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት "ኗሪዎች" ይባላሉ፤ ለመኝታና ለቀለባቸው የሚከፍሉት ከራሳቸው ኪስ ነው። ይህች ነጥብ ቀላል የሂሳብ ጉዳይ ትመስላለች። የቤቱ ነጻነት ግን የቆመው በዚህች ላይ ነው።

መጀመሪያ ላይ ብዙ ነገር ተሳሳቱ፤ ደግነቱ አዳምስ ስህተታቸውን አልደበቀችም። ለሠራተኛው ቤተሰብ ርካሽና ገንቢ ምግብ እንሸጣለን ብለው በወቅቱ የምግብ ሳይንስ የተመከረውን ሾርባና ወጥ የሚያበስል ወጥ ቤት ከፈቱ። ጎረቤቱ አልበላም። አንዲት ሴት ምግቡ ገንቢ መሆኑን እንደማትክድ፣ እሷ ግን ደስ ያላትን መብላት እንደምትመርጥ ነገረቻቸው። ወጥ ቤቱን ወደ ቡና ቤት ለወጡት፤ ያን ጊዜ ሰው መጣ።

ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረው ግን የአንድ ሕፃን ቀብር ነው። ከተወለደ ጥቂት ቀናት ብቻ የሆነው ሕፃን በሀል ሃውስ የሕፃናት ማቆያ ተጥሎ ተገኘ። እናቱ ተፈልጋ ጠፋች። ኗሪዎቹ ተንከባከቡት፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሞተ። ቀብሩን የካውንቲው (የአካባቢው) መንግሥት ይፈጽመው ብለው ወሰኑ፤ ጋሪው ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ መጥቶ ሊወስደው ተነገረ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ግማሽ ደርዘን የሚሆኑ ጎረቤቶች በድንጋጤና በቁጣ መጥተው፣ ከሌላቸው ላይ አዋጥተው ቀብሩን እኛ እንፈጽማለን አሉ። ኗሪዎቹ ሊያስረዱ ሞከሩ፦ ልጁ በሕይወት ሳለ አልተጓደለበትም፣ ስለ ቀብሩም የምንወስነው እኛ ነን። ማንም አልሰማቸውም። አዳምስ በ1898 ስለዚህ ስትጽፍ፣ ሀል ሃውስን በአንዳንድ ጎረቤቶች ዓይን የዚህን ያህል የጎዳው ነገር መኖሩን እንደምትጠራጠር ገልጻለች።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ማብራሪያ አይፈልግም። እድር ያለው ሰው ያለ ድንኳንና ያለ ሰልስት መቀበር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በካውንቲ ጋሪ መሄድ ማለት የሚያለቅስልህ ሰው የለም ማለት ነው። ይህን የገባው ደግሞ የሰፈሩ የምክር ቤት አባል ጆኒ ፓወርስ ነበር። ጉቦኛ ነው፤ ሁሉም ያውቃል። ግን ቀብር አይቀርም፣ ለሠርግ ስጦታ ይልካል፣ ለገና የቱርክ ዶሮ ያድላል፣ የታሰረውን በዋስ ያስወጣል፣ ሥራ ያጣውን ከተማ አስተዳደሩ ውስጥ ይሰገስጋል። ሀል ሃውስ በ1896 እና በ1898 በምርጫ ሊጥለው ዘምቶበት ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፈ። የአዳምስ ብልህነት ከመጀመሪያው ሽንፈት በኋላ ሕዝቡ አልገባውም አለማለቷ ነው። ሰውየው ለምን እንደሚወደድ ቁጭ ብላ ተነተነች፤ ጎረቤቱ ደግነትን የሚለካው በዓይኑ በሚያየው እንደሆነ፣ የእነሱ "መልካም አስተዳደር" ግን በሩቅ ያለ ነገር እንደሆነ ጻፈች። ስለ ድሆች የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ድሆች የሚመርጡትን ሰው በአክብሮት የሚተነትን ግን እስከ ዛሬም ጥቂት ነው።

የቆሻሻው ጉዳይ የሚታወቀው የሀል ሃውስ ታሪክ ነው፤ የሚገባውንም ያህል ይታወቅ። በሰፈሩ ሕፃናት በብዛት ይሞቱ ነበር። በ1894 ክረምት የሀል ሃውስ የሴቶች ክበብ አባላት የሆኑ አሥራ ሁለት ሴቶች፣ አብዛኞቹ አይሪሾች፣ ማታ ማታ ከቤት ሥራቸው በኋላ በየጓሮው እየዞሩ ያልተነሣ ቆሻሻ መዘገቡ። በነሐሴና በመስከረም ብቻ ለከተማው ጤና ቢሮ የላኩት አቤቱታ 1,037 ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት አዳምስ የቆሻሻ ማንሻውን ኮንትራት ልውሰድ ብላ ጨረታ ገባች፤ በቴክኒክ ምክንያት ውድቅ ሆነ። ነገሩ ግን ጋዜጣ ላይ ወጥቶ መነጋገሪያ ስለሆነ ከንቲባው በዓመት 1,000 ዶላር ደመወዝ የሰፈሩ የቆሻሻ ተቆጣጣሪ አድርገው ሾሟት። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሥታ ጋሪዎቹን ከኋላ ትከተል ጀመር። አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ቆሻሻው ተጠርጎ ሲያልቅ ከ45 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት በታች የተነጠፈ ድንጋይ ተገኘ፤ የሰፈሩ ሰው እዚያ ንጣፍ መኖሩን አያውቅም ነበር። በሞት መጠን ከከተማዋ ሦስተኛ የነበረው ቀበሌ ወደ ሰባተኛ ወረደ።

ከሁሉ በላይ ግን ሀል ሃውስን ሀል ሃውስ ያደረጋት ፍሎረንስ ኬሊ ናት ብዬ አምናለሁ። በ1891 መጨረሻ፣ በገናና በአዲሱ ዓመት መካከል ባለ በረዷማ ጠዋት ከባሏ ሸሽታ መጣች፤ ሦስት ልጆች አሏት። የኤንግልስን ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመች፣ ቁጣዋም እውቀቷም የማያልቅ ሴት ነበረች። በሰፈሩ ባሉ የቤት ውስጥ የልብስ ስፌት ሥራዎች ምርመራ አካሄደች፦ በፈንጣጣ የታመመ ልጅ በተኛበት ክፍል ኮት የሚሰፋበት፣ የአሥር ዓመት ልጅ ቁልፍ የሚተክልበት ዓለም ነው። ከዚያ ምርመራ የኢሊኖይ የ1893 የፋብሪካ ሕግ ወጣ፤ ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ከፋብሪካ ያገደ፣ የሴቶችን የሥራ ሰዓት በቀን 8 የወሰነ። ገዥው ጆን አልትጌልድ ኬሊን የስቴቱ ዋና የፋብሪካ ተቆጣጣሪ አደረጓት። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1895 የ8 ሰዓቱን ድንጋጌ ሻረው፤ ኬሊ ግን ወደ ኒው ዮርክ ተሻግራ ትግሏን ቀጠለች። በዚያው 1895 ኗሪዎቹ የሰፈሩን ቤቶች አንድ በአንድ በቀለም የለየ ካርታ አሳተሙ፦ ማን ከየት እንደመጣ፣ በሳምንት ስንት እንደሚያገኝ። ከአንድ ካሬ ማይል ሢሶ በማይበልጥ ቦታ 18 የተለያዩ ብሔረሰቦች ተቆጠሩ።

ገንዘብን በሚመለከት አንድ ነገር መነሣት አለበት። የፋብሪካው ሕግ ሲረቀቅ፣ አንድ ሰው ወደ አዳምስ መጥቶ፣ ይህን የስፌት ቤት ሕግ ከተዋችሁት አንድ የፋብሪካ ባለቤቶች ማኅበር 50,000 ዶላር ይሰጣችኋል አላት። በዚያን ጊዜ ሌላ ቤት የሚያሠራ ገንዘብ ነው። እምቢ አለች። እምቢ ለማለት ግን አቅም ያስፈልጋል፤ ቤቱ በነጻ የተሰጠ፣ ኗሪው ራሱን የሚችል ስለነበር በሯን የሚዘጋባት አልነበረም። ሀብታም ሴቶች ረድተዋታል፤ ይህ መደበቅ የለበትም። ነገር ግን ከነሱ አንዳቸውም ብቻውን ቤቱን መዝጋት አይችሉም ነበር።

ከሀል ሃውስ የወጡት ሰዎች ስም ዝርዝር ረጅም ነው፤ በዚህ አልቆይበትም። በ1899 በዓለም የመጀመሪያው የሚባለው የወጣት ጥፋተኞች ፍርድ ቤት በቺካጎ ሲከፈት ኗሪዎቹ ከኋላው ነበሩ፤ ጁሊያ ላትሮፕ በ1912 የተቋቋመው የፌዴራል የሕፃናት ቢሮ የመጀመሪያዋ ኃላፊ ሆነች፤ ሐኪሟ አሊስ ሃሚልተን በሊድ (በእርሳስ ማዕድን) የሚመረዙ ሠራተኞችን ተከትላ ፋብሪካ ለፋብሪካ በመዞር የሙያ ጤና ጥናትን በአሜሪካ አስጀመረች። በኒው ዮርክ ሊሊያን ዋልድ በሄንሪ ጎዳና ያቋቋመችው ቤት ደግሞ በየቤቱ የሚሄዱ ነርሶችን አሠማራ፤ በ1902 በከተማዋ የመጀመሪያዋን የትምህርት ቤት ነርስ የላከው እሱ ነው። በ1910 ገደማ በአሜሪካ ከ400 በላይ ሴትልመንቶች ነበሩ።

ታሪኩ ግን ንጹሕ አይደለም። ከቤቶቹ አብዛኞቹ ነጮችን ብቻ ያገለግሉ ነበር፤ ጥቁር ጎረቤት ሲመጣ በሩን የዘጉ፣ አለዚያም ሰፈር ለቀው የሄዱ አሉ። ስለዚህ ጥቁር አሜሪካውያን የራሳቸውን ከፈቱ። ጄኒ ፖርተር ባሬት በ1890 በሃምፕተን ቨርጂኒያ ቤቷን ለሰፈሯ ልጆች ከፈተች፤ አይዳ ቢ. ዌልስ በ1910 በቺካጎ፣ ከደቡብ ለሚመጡ ጥቁር ወንዶች መኝታና የሥራ መፈለጊያ ያለው ማዕከል አቋቋመች። እነዚህ ከሀል ሃውስ ይለያሉ፤ ከውጭ የመጣ በጎ ሰው የለም፣ ጎረቤቱ ራሱ ነው ያቋቋማቸው። ከአርሊንግተኑ ምክር ቤት፣ ከ1984 ጀምሮ በቺካጎ ሰሜናዊ ክፍል ካለው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ማኅበርም ጋር የሚመሳሰሉት በዚህ ነው። የቺካጎው ማኅበር ዛሬ ከኢትዮጵያውያን ሌላ የብዙ አገር ስደተኞችን ያስተናግዳል።

ለእኛ ይበልጥ የምትቀርበው ሰው በለንደን ነበረች። ሲልቪያ ፓንክረስት ከዋይትቻፔል ብዙ በማይርቀው በቦው ሰፈር ገብታ ኖረች። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ባሎቻቸው ለዘመቱ ሴቶች በዋጋው ብቻ ምግብ የሚሸጡ ምግብ ቤቶች ከፈተች። በ1915 "የጠመንጃ ሠሪዎች" የሚባለውን መጠጥ ቤት ተረክባ የሕፃናት ማዋያና የሕክምና ጣቢያ አደረገችው፤ ስሙንም "የእናቶች" ብላ ቀየረችው። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ምጽዋት ግን አትወድም ነበር። ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር ይኸው የምሥራቅ ለንደን ልምድ ለኢትዮጵያ ጉዳይ ዋለ፤ ጋዜጣ አሳተመች፣ ገንዘብ አሰባሰበች፣ በኋላም ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ደከመች። በ1956 አዲስ አበባ መጥታ እዚያው ኖረች፤ መቃብሯ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ነው።

ታዲያ ሀል ሃውስ እንዴት ሞተ? አንደኛው ምክንያት የከተማ እድሳት ነው። በ1907 ቤቱ 13 ሕንፃዎች ነበሩት። በ1961 ከንቲባ ሪቻርድ ዴሊ ሰፈሩን ለአዲስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ መረጡት። ነዋሪዎቹ ተሰልፈው፣ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተከራከሩ፤ የሀል ሃውስ ቦርድ ግን ተስማማ። በ1963 ሁለት ሕንፃ ብቻ ቀርቶ ሌላው ፈረሰ። ማኅበሩ ቢሮ ከፋፍሎ በከተማው ተበተነ፤ ከዚያ በኋላ የሚያድርበት ሰፈር አልነበረውም። ሁለተኛው ምክንያት ቀስ ብሎ የመጣ ነው፦ ማኅበራዊ ሥራ ሙያ ሆነ፣ ሙያ ሲሆን ደመወዝ መጣ፣ ደመወዝ የሚከፍለው መንግሥት ሆነ፣ መንግሥት ደግሞ የሚከፍለው ለተለየ አገልግሎት በውል ነው፤ ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ስንት ልጅ አሳዳጊ ቤት አገኘ። ሠራተኛው በሙያው ይበልጥ የተካነ ነው፤ ማታ ግን ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። ሙያው መምጣቱን አልኮንንም። በውሉ ውስጥ ያልተጻፈ ችግር የሚታየው ሰው ግን ይጠፋል፤ ስለ ቆሻሻው የሚጽፍ አይኖርም።

በዚያ በፈረሰው ሰፈር ላይ የተሠራው ዩኒቨርሲቲ የዛሬው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቺካጎ ነው፤ የማኅበራዊ ሥራ ኮሌጁም በጄን አዳምስ ስም ተጠርቷል። በአዲስ አበባ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በ1959 ተከፍቶ በአብዮቱ ዘመን ተዘግቶ ነበር፤ በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በድኅረ ምረቃ ደረጃ እንደገና ሲከፈት አጋሩ ይኸው ኮሌጅ ነበር። ስለዚህ ሀል ሃውስ በሩቅም ቢሆን ወደ አዲስ አበባ የመጣ ቅርስ አለው፤ የአዲስ አበባው ትምህርት ቤትም ከገዳም ሰፈር ነዋሪዎች ጋር አብሮ የመሥራት ልምድ አለው።

ይህን የማነሣው ከ2024 ወዲህ ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲነሡ ሰው በየአቅጣጫው መዛወሩን ስላየን ነው። ስለ ልማቱ ጠቃሚነት ክርክሩ ሌላ ቦታ ይኑረው። የተዛወረ ሰው አዲስ ቤት ሊያገኝ ይችላል፤ እድሩ ግን አብሮ አይጓዝም። አርባ ዓመት የከፈለ አባል ከከተማው ዳር ሆኖ ማንን ይቀብራል፣ ማንስ ይቀብረዋል? በሀል ሃውስ ሕፃን ምክንያት የተቆጡት ጎረቤቶች ያነሡት ጥያቄ ይኸው ነው።

እድር ሴትልመንት ያልነበረው ነገር አለው፤ ባለቤቱ ጎረቤቱ ነው፣ ከውጭ የመጣ ደግ ሰው አያስተዳድረውም። ሴትልመንት ግን እድር የሌለውን ነገር ሠርቷል፦ ያየውን መዝግቦ፣ ካርታ ላይ አውጥቶ፣ ሕግ አውጪ ፊት አቅርቧል። እድር መዝገብ የለውም ማለት አይደለም። ጸሐፊው የእያንዳንዱን አባወራ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ቤተሰብ ብዛት፣ ወርኃዊ ክፍያ በእጁ ይዟል፤ የማንኛውም ተመራማሪ ምኞት የሆነ መረጃ ነው። በዚያ መዝገብ ላይ አባላቱ የት እንደተዛወሩ፣ ኪራያቸው ስንት እንደሆነ፣ ልጆቻቸው ስንት ጊዜ ትምህርት ቤት እንደቀየሩ ቢጨመርበት፣ የ1895ቱ የቺካጎ ካርታ የሠራውን ሥራ አዲስ አበባ ላይ ሊሠራ ይችላል። አባላቱ ሳይፈቅዱ ግን መነካት የለበትም፤ መዝገቡ የእነሱ ነው። ወጪው ብዙ አይደለም፤ ሁለት ሦስት የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች ሰፈሩ ውስጥ ቤት ተከራይተው አንድ ዓመት እንዲቀመጡና ወርኃዊ ስብሰባው ላይ ከበሩ አጠገብ ወንበር እንዲሰጣቸው ነው የሚፈልገው።